ታይትል ለሌላት መኪና ዋስ የገዛሁበት አራት ወር

መኪናዋን የገዛሁት በእቁብ ገንዘብ ነው። ሦስተኛ ልጃችን ከመጣች ወዲህ ትንሿ መኪናችን አልበቃ ብላን ነበር። ሦስት የልጅ ወንበር ከኋላ ተደርድሮ የመሐለኛውን ቀበቶ ለማሰር በየቀኑ ትግል ነው። በ2025 መጋቢት ላይ ዕጣ ወጣልኝ። በሳምንቱ እዚህ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ አንድ የሀገር ልጅ የ2012 ቶዮታ ሲዬና ሊሸጥ ነው ሲሉኝ ዛሬ ነገ አላልኩም።

ሄጄ አየኋት። ሞተሯ ጸጥ ያለ ነው። ጎማዋ ደህና ነው። በ5,200 ዶላር ተስማማን። ገንዘቡን ቆጥሬ ልሰጥ ስል "ታይትሉስ?" አልኩት፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀቱን ማለቴ ነው። "እቤት ነው ወንድሜ፣ ዕቃ ስናጓጉዝ የሆነ ቦታ ገብቶ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አመጣልሃለሁ" አለኝ። የሀገር ልጅ ነው። የሚያውቀው ሰው ነው ያገናኘን። አመንኩት።

አንድ ነገር ግን አደረግሁ። የሽያጭ ወረቀት ጻፍን። እዚህ ቢል ኦፍ ሴል የሚሉትን ማለት ነው። የሱ ስም፣ የኔ ስም፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የሁለታችንም ፊርማ። በመኪናዋ ኮፈን ላይ አስደግፈን ነው የፈረምነው። ያቺ ግማሽ ገጽ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር አንዱም አይሆንም ነበር።

ነገ የተባለው ሳምንት ሆነ። ሳምንቱ ሁለት ሆነ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ያገናኘን ሰው ቢጠይቅ ቢያጠያይቅ ልጁ ለጭነት መኪና ሥራ ሌላ ስቴት ሄዷል ተባለ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ማታ የመኪናዋን ኪስ ሳራግፍ ከዘይት መቀየሪያ ደረሰኞች መሐል አንድ የቆየ የምዝገባ ወረቀት አገኘሁ። ስሙ የሻጩ አይደለም። ሰምቼው የማላውቀው ሰው ነው፤ አድራሻው ሜስኪት ይላል።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሻጩ ራሱ መኪናዋን በስሙ አላዞረም። ከዚያ ሰው ገዛ፣ ወይም ከሌላ ገዛ፣ ታይትሉን ሳያስለውጥ ለኔ ሸጠ። ሀገር ቤት ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ሆኖ በውክልና ሦስት አራት ጊዜ የሚሸጥ መኪና አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እዚህ ግን ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ቢሮው አያውቃችሁም። ገንዘብ ከፍላችኋል፣ ቁልፉ በእጃችሁ ነው፣ መኪናዋ ግን በወረቀት የሌላ ሰው ናት። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ የገዛ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ስሙን ማዞር አለበት።

በዚያው ሰሞን ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወጣ መስታወቷ ላይ ብርቱካናማ ወረቀት ተለጥፏል። ምዝገባዋ ያለፈበት ስለሆነ በአሥር ቀን ውስጥ ካላስተካከልክ እናስነሳታለን ይላል። የአፓርታማው ነው። ወረቀቱ ሙጫው ጠንካራ ነበር፤ በጥፍሬ ፍቄ ፍቄ ግማሹ ቀረ። ባለቤቴ ከመስኮት ታየኛለች። የእቁቡን ገንዘብ አብረን ነው የጠበቅነው፤ ምንም አላለችኝም።

ምክር ግን ሞላ። አንዱ "በክፍል በክፍል ሽጣት" አለኝ። አንዱ "ወደ ቬርሞንት በፖስታ ላክና እዚያ አስመዝግባት" አለኝ። ድሮ ለአሮጌ መኪናዎች ይሠራ የነበረ መንገድ ነው፤ በ2023 ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬም ይህን የሚላችሁ ሰው ካለ አትድከሙ። ሌላው ደግሞ "600 ዶላር ስጠኝ፣ እኔ ጨርሼ ታይትሉን በእጅህ አስገባለሁ" አለ። ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው "አንተ ምን አገባህ" የሚል ዓይነት መልስ ሰጠኝ። ተውኩት።

ትክክለኛውን ነገር የነገሩኝ ጋራዥ ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ዳላስ ኖረዋል። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አዩና "ልጄ፣ ይቺ መኪና ዋስ ያስፈልጋታል" አሉኝ። "እዚህ ሀገር ደግሞ ለመኪና ዋስ የሚሆነው ማነው ጋሼ?" አልኳቸው። "ኩባንያ ነዋ። ቦንድ ይሉታል።"

ዋስ የሚለውን ቃል ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር መሥሪያ ቤቱ ዋስ ጠየቀው። አባቴ ውልና ማስረጃ ሄዶ ፈረመለት። እናቴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። "ልጁ አንድ ነገር ቢያጎድል ቤታችንን ነው" ትል ነበር። አባቴ ደግሞ "ቢያጎድል እከፍላለሁ፣ ከዚያ እሱን ይዤ አስከፍለዋለሁ" ይላታል። ልጁ ምንም አላጎደለም። እኔ ግን ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ።

የመኪናውም ቦንድ ያው ነው። ብዙ ሰው ኢንሹራንስ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ኢንሹራንስ ለናንተ ነው የሚከፍለው። ቦንድ ግን ለናንተ አይደለም። መኪናዋ የኔ ናት ብሎ ድንገት ለሚመጣ ለዚያ ለማታውቁት ባለቤት ነው፤ ወይም መኪናዋን በመያዣ ይዞ ለነበረ አበዳሪ። ያ ሰው መጥቶ መብቱን ካስረዳ ኩባንያው ይከፍለዋል። ከፍሎ ግን ዝም አይልም። ቦንዱን ስትገዙ በምትፈርሙት ውል መሠረት የከፈለውን ከናንተ ይቀበላል። ልክ አባቴ እንዳለው። ስለዚህ ቦንድ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋ ንጹሕ መሆኗን በራሳችሁ እመኑ። ከተሰረቀ ዕቃ ቦንድ አያድናችሁም።

ለዚህ ቀላሉ ነገር የሻንሲ ቁጥሩን ማጣራት ነው። ኤንአይሲቢ የሚባለው የኢንሹራንስ ወንጀል መከላከያ ድርጅት ቪንቼክ የሚል ነጻ መፈለጊያ አለው። ቁጥሩን ታስገባላችሁ፤ በአባል ኢንሹራንሶች ዘንድ ተሰርቃ ሳትገኝ ከቀረች ወይም በአደጋ ወድቃ ከተመዘገበች ይነግራችኋል። እኔ ይህን ያደረግሁት ገንዘቡን ከሰጠሁ ከወር በኋላ ነው። ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ኮፈኑ ላይ ቆሜ በስልኬ ማድረግ እችል ነበር። ደግነቱ ንጹሕ ሆና ተገኘች። ቁጥሩን ስትገለብጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ነው፤ በውስጡ ኦ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አይ እና ኪው በጭራሽ አይገቡም። ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው። በዳሽቦርዱ በስተግራ መስታወቱ ሥር ያለው ቁጥርና በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው አንድ መሆናቸውንም እዩ። ካልገጠሙ መኪናውን ባለበት ትታችሁ ሂዱ።

ከቦንድ በፊት ደግሞ ርካሹን መንገድ ሞክሩ። ታይትሉ በስሙ የሚገኘው ሰው ከተገኘ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። እሱ ቪቲአር 34 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ የታይትሉን ምትክ ማውጣት ይችላል። በፖስታ 2 ዶላር ነው፤ በአካል ሲሆን 5 ዶላር ከ45 ሳንቲም። ከዚያ ለናንተ ይፈርምላችኋል። እኔ በዚያ አሮጌ የምዝገባ ወረቀት ላይ ወዳገኘሁት አድራሻ ደብዳቤ ጻፍኩ። መኪናዋን ማን እንደሸጠልኝ፣ ምን እንደምፈልግ፣ ወጪውን ሁሉ እኔ እንደምችል በትሕትና ገለጽኩ። በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ማለትም መላኩ በሚመዘገብ ፖስታ፣ ላክሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖስታው ራሱ ተመለሰ። ፊቱ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወደ ላኪው ይመለስ፣ አድራሻውን ለቋል ይላል። ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። መሞከሬን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

መኪናዋን በዚህ መሐል ከአፓርታማው አወጣኋት። ምዝገባ የሌላትን መኪና መንዳት አልፈለግሁም። በጭነት 85 ዶላር ከፍዬ ወደ ጋሼ ጋራዥ ወሰድኳት። "እስክትጨርስ እዚህ ትቁም፣ ቦታ አልጠበበኝም" አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ወደ ቢሮው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰዉ መጀመሪያ ቦንዱን ሊገዛ ይሮጣል። ቅደም ተከተሉ እንደሱ አይደለም። መጀመሪያ የሚኬደው የስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ የቴክሳስ ዲኤምቪ፣ ሪጅናል ሰርቪስ ሴንተር ከሚባለው ቢሮ ነው። የኛ የዳላሱ ካሮልተን ነው ያለው። የምዝገባ ተለጣፊ የምናወጣበት የካውንቲ ታክስ ኦፊስ ሌላ ነው፤ እሱ በመጨረሻ ነው የሚመጣው። ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። ፎርሙ ቪቲአር 130 ኤስኦኤፍ ይባላል። መኪናዋን እንዴት እንዳገኛችሁ፣ ታይትሉ ለምን እንደሌለ በራሳችሁ ቃል ትጽፉበታላችሁ። እውነቱን በአጭሩ ጻፉ። ከፎርሙ ጋር መታወቂያችሁን፣ የሽያጭ ወረቀቱንና 15 ዶላር ትሰጣላችሁ። እኔ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ፣ ያን አሮጌ የምዝገባ ወረቀትና የተመለሰውን ፖስታ ጨምሬ ነው የሄድኩት። መኪናው ቴክሳስ ውስጥ መዝገብ የሌለው፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ አይቶት የሚሞላው ቪቲአር 68ኤ የሚባል ሌላ ወረቀት አለ። የኔዋ የዚሁ ስለነበረች ከዚያ ድነናል።

ይህ መንገድ የማይሠራላቸው መኪኖች አሉ። ከጥቅም ውጪ ናቸው ወይም አይጠገኑም ተብለው የተመዘገቡ አይሆኑም። ሻንሲው፣ አካሉና ሞተሩ የተሟላ መሆን አለበት። መኪናዋ በእጃችሁ መሆን አለባት። እናንተም የቴክሳስ ነዋሪ መሆን አለባችሁ። ሰው ግቢያችሁ ውስጥ ጥሎት የሄደ መኪና ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከፖሊስ ነው የሚጀምረው።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ትሑት ናት። ወረቀቶቼን ተቀበለች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ዝም አለች። ከዚያ ማያ ገጹን እያየች "ዕዳ አለበት" አለችኝ። በ2016 መኪናዋን በብድር የገዛ ሰው አለ፤ አበዳሪው በመዝገቡ ላይ እንደ ባለመያዣ ተጽፏል። ሊየን የሚሉት ይህን ነው። እኔ ስምንት ዓመት ያለፈው ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። እሷ ግን ሕጉን ነገረችኝ። ሊየኑ አሥር ዓመት ካልሞላው መለቀቁን የሚያሳይ ወረቀት ግድ ነው። የኔ ሊሞላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቀርቶት ነበር።

በዚያ ቀን ከካሮልተን ስመለስ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልተዋት አስቤ ነበር። በማግሥቱ አበዳሪው ጋ ደወልኩ። የሚያነሱት ልጆች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ የብድሩ ባለቤት አንተ ስላልሆንክ ምንም ልንነግርህ አንችልም። ልክ ናቸው። የሰው ምስጢር ነው። አራተኛው ላይ ጥያቄዬን ቀየርኩ። "ስለ ሰውየው አልጠይቅሽም፤ ብድሩ ተከፍሎ ካለቀ መያዣውን መልቀቃችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ የት ልጠይቅ?" አልኳት። "በጽሑፍ ላክ" ብላ የክፍሉን አድራሻ ሰጠችኝ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሽያጭ ወረቀቱን ኮፒና የመታወቂያዬን ኮፒ አድርጌ ላክሁ። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ብድሩ በ2019 ተከፍሎ አልቋል፣ በመኪናዋ ላይ ምንም መብት የለንም የሚል፣ በድርጅቱ ወረቀት ላይ የተጻፈና የተፈረመ። ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መኪናዋ ሳቅ ብላ አወራች።

አበዳሪው ባንክ ፈርሶ ከሆነም መንገድ አለው። የወደቁ ባንኮችን ጉዳይ የሚይዘው ኤፍዲአይሲ የዕዳ መለቀቂያ ወረቀት የሚሰጥበት አሠራር አለው።

በጁን መጨረሻ ተመልሼ ካሮልተን ሄድኩ። አሁን ሁሉም ነገር ተሟልቷል። የሚሰጧችሁ የውሳኔ ማስታወቂያ ነው፤ የቦንዱ መጠን ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስቴቱ ለእያንዳንዱ መኪና የገመተው ዋጋ አለው። ሻንሲ ቁጥሩንና የተነዳችውን ማይል አስገብታችሁ በዲኤምቪው ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ቦንዱ የዚያ ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የኔዋ 6,400 ተገመተች። ስለዚህ ቦንዱ 9,600 ሆነ። ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው መኪና ግምቱ ከ4,000 ዶላር ቢያንስም በ4,000 ነው የሚሰላው፤ ቦንዱ 6,000 ይሆናል ማለት ነው።

9,600 የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ። ከመኪናዋ ዋጋ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳሳያት "ይኼን ከየት እናመጣለን?" አለች። እኔም አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ያን ገንዘብ እናንተ አትከፍሉም። 9,600 ኩባንያው ዋስ የሆነበት ጣሪያ ነው። እናንተ የምትከፍሉት የዋስትናውን ዋጋ ብቻ ነው። እኔ ለሦስት ዓመቱ በአንድ ጊዜ 145 ዶላር ከፈልኩ። ክሬዲቴንም፣ ማለትም የብድር ታሪኬን፣ አልጠየቁኝም። ዋጋ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ኩባንያው በቴክሳስ ፈቃድ ያለው መሆኑን በስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በኩል አረጋግጡ።

ጊዜውንም ልብ በሉ። የውሳኔ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ቦንድ ለመግዛት አንድ ዓመት አላችሁ። ቦንዱ ከተገዛ በኋላ ግን በ30 ቀን ውስጥ ታክስ ኦፊሱ ጋ መድረስ አለበት። ስለዚህ ሌላውን ወረቀት ሁሉ አሟልታችሁ ቦንዱን መጨረሻ ላይ ግዙት።

እዚህ ላይ እኔን የያዘኝ ነገር እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚመለከት ነው። ስማችን። መንጃ ፈቃዴ ላይ የኔ ስም፣ የአባቴ ስምና የአያቴ ስም አለ። አባቴ በመሐል ስም ቦታ፣ አያቴ በቤተሰብ ስም ቦታ ገብተዋል። የውሳኔ ማስታወቂያው ላይ ሦስቱም አሉ። ቦንዱን የሸጠልኝ ወኪል ግን የኔንና የአባቴን ብቻ ጽፎ፣ አባቴን የቤተሰብ ስም አድርጎ ላከልኝ። እኔም ደስታ ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም። ታክስ ኦፊስ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለቱን ስሞች አሳየችኝ። "እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው" አለችኝ። በኛ ቤት አንድ ሰው ነው። በእሷ ኮምፒውተር ግን ሁለት ነው። ተመለስኩ። ወኪሉ አስተካክሎ አዲስ ዋና ወረቀት በፖስታ ላከ፤ አምስት ቀን ፈጀ። ቦንዱ ሲደርሳችሁ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል፣ ሻንሲ ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ ከውሳኔ ማስታወቂያው ጋር አስተያዩት። ፊርማ መኖሩንም እዩ፤ ከኋላ የተያያዘው የውክልና ወረቀትም ከቦንዱ እንዳይነጠል። ኮፒ አይቀበሉም፤ ዋናውን ነው የሚፈልጉት።

ሁለተኛ ስሄድ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የታይትል ማመልከቻው 130 ዩ ይባላል። ከሱ ጋር ቦንዱን፣ የውሳኔ ማስታወቂያውን፣ የሽያጭ ወረቀቱን፣ የዕዳ መለቀቂያውንና ኢንሹራንሴን ሰጠሁ። ታክሱ 6.25 በመቶ ነው። የሚሰላው ከከፈላችሁት ዋጋ ወይም ስቴቱ ከገመተው 80 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ነው። የኔ ግምት 80 በመቶው 5,120 ሲሆን የከፈልኩት 5,200 ስለነበር በዚያ ተሰልቶ 325 ዶላር መጣ። ሽያጭ ወረቀት ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ታክስ የሚያስቀር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ከዚህ ሒሳብ እንደምታዩት ብዙ አያስቀርም፣ ያውም ውሸት ላይ መፈረም ነው። የታይትሉ ክፍያ 33 ዶላር ነበር። የዓመት ምዝገባው ለብቻው ነው። በ2025 መጀመሪያ የግል መኪና የደኅንነት ምርመራ ቀርቷል፤ የጭስ ምርመራው ግን ዳላስን ጨምሮ በበርካታ ካውንቲዎች አለ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያስመረመሩልኝ።

ሌላ ስቴት ላላችሁ ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ይለያያል። ኮሎራዶ ቦንዱ የመኪናው ዋጋ ሁለት እጥፍ ነው። ካሊፎርኒያ ቦንድ የሚጠይቀው ዋጋው 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ መኪና ነው። ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ቦንድ ካልፈለጋችሁ ታይትል ሳይኖራችሁ ለሦስት ዓመት አስመዝግባችሁ እየነዳችሁ የምትጠብቁበት መንገድ አለ። ኦሮራም፣ ሎስ አንጀለስም፣ ሲያትልም ያላችሁ መጀመሪያ የስቴታችሁን ቢሮ ጠይቁ፤ የኔን ቁጥር ይዛችሁ አትሂዱ። ቴክሳስ ውስጥም ሪጅናል ቢሮው ካልተቀበላችሁ ወይም ቦንድ ካልፈለጋችሁ በካውንቲው ታክስ ሰብሳቢ ፊት ቀርቦ ማስረዳት የሚባል ሌላ በር አለ።

ታይትሉ በኦገስት በፖስታ መጣ። ፖስታውን የከፈተችው ባለቤቴ ናት። ስሜ ሦስቱም በትክክል ተጽፏል። ከታች ቦንድድ ታይትል የሚል ማስታወሻ አለ። ይህ ማስታወሻ ማለት መኪናዋ የኔ ናት፣ መንዳት እችላለሁ፣ መሸጥም እችላለሁ፤ ገዢው ግን ወረቀቱ ላይ ያነበዋል ማለት ነው። እኔ ብሸጥ ለገዢው አስቀድሜ እነግረዋለሁ። በነዚህ ሦስት ዓመታት ባለመብት ነኝ የሚል ካልመጣ ቦንዱ ጊዜው ያልቃል፤ ማስታወሻው የሌለበት ታይትልም ማውጣት ይቻላል። የኔ የሚያልቀው በጁላይ 2028 ነው። ቀኑን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ለራሷ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። የተመለሰው ፖስታ፣ የሽያጭ ወረቀቱና የቦንዱ ኮፒ ከልጆቹ የልደት ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ናቸው።